«ቅረብ አቦ!»

ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል ጠባብ መንገድ አለ። ስሙን ያወጣለት የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ በየደጃፋቸው ተቀምጠው ፔዳል ይረግጣሉ፤ ከራሳቸው በላይ ሽርጡ፣ ድሪያው፣ የተማሪ ዩኒፎርሙ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ መንገደኛው በመካከላቸው ትከሻ ለትከሻ እየተሻሸ ያልፋል።

አንድ ተጓዥ ከአዛውንት ልብስ ሰፊ ፊት ቆሞ፣ «አባባ፣ ላንሳዎ?» ብሎ ጠየቀ። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው። ከጨርቁ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ በራሳቸው ንቅናቄ ፈቀዱለት። ጀርባውን ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር አጣብቆ ካሜራውን አነሣ። ሰውዬው፣ መኪናቸው፣ የደጃፋቸው ሰማያዊ ቀለም፣ ከኋላቸው የተደረደረው ጥቅል ጨርቅ፣ በባዶ ዓይን ሁሉም በአንድ ላይ ይታያል። በካሜራው መመልከቻ ግን አንድ እጅ፣ የመኪናው ጎማና ግማሽ ጢም ብቻ ነው የገባው። ወደ ኋላ እንዳይል ግድግዳ ነው። ወደ ጎን ሲል የጫት እስር ከተሸከመች ሴት ጋር ተጋጨ። ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ከግድግዳው ጋር ተለጠፈ።

አዛውንቱ ይህን ሲያዩ ፔዳላቸውን አቆሙ። «ከግድግዳው ጋር ምን አታገለህ? ና፣ ቅረብ አቦ!» አሉት።

ሰው በገዛ ፈቃዱ ቅረበኝ ሲል ፎቶ አንሺ ከዚያ በላይ የሚመኘው ነገር የለም። ተጓዡ ግን መቅረብ አልቻለም። ካሜራው ላይ የገጠመው ሌንስ በቀረበ ቁጥር የሚያሳየው እያነሰ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ አንሥቶ፣ አመስግኖ፣ ቅር እያለው ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ወጣ።

ለጉዞና ለመንገድ ፎቶ አንድ ሌንስ ብቻ ምረጥ ቢባል የትኛው ይሻላል የሚለውን ጥያቄ፣ ተጓዡ አዲስ አበባ ሳለ የመለሰው መስሎት ነበር። የእንጀራ ሥራው ሌላ ነው፤ ካሜራ የሚይዘው በዕረፍቱ ነው። ያለው ያገለገለ የካኖን ካሜራ፣ አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 የሚሄድ ዙም፣ በኋላም ቆጥቦ የገዛው 50 ሚሊ ሜትር ቋሚ ሌንስ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል። ቋሚ ሌንስ ወይም ፕራይም የሚባለው ዙም የማያደርገው ነው፤ ስፋቱ አንድ ስለሆነ፣ ሰፋ ወይም ጠበብ እንዲል የፈለገ ሰው በእግሩ መሄድ አለበት። 50ውን አዲስ አበባ ካሜራ የያዘ ሁሉ «ፊፍቲ» ይለዋል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ከፊት በስተጀርባ ያለውን አደብዝዞ ፊትን ብቻ አጉልቶ ያወጣል። ከዙሙ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚገዛው ሌንስ እሱ ነው።

ሠርግ በማንሣት የሚተዳደር ጓደኛው ከ24 እስከ 70 የሚሄደውን ትልቁን ዙሙን ሊያውሰው ፈቃደኛ ነበር። የዚህ ሌንስ ሁለተኛው ስሪት ብቻውን 805 ግራም ይመዝናል። ፊፍቲው 160 ግራም ነው። ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ለሚንጠለጠል ዕቃ ይህ ልዩነት ማምሻውን በደንብ ይሰማል። ክብደቱ ብቻም አይደለም። ትልቅ ሌንስ የተገጠመለት ካሜራ ገበያ ውስጥ ሲገባ ሰው «ጋዜጠኛ መጣ» ብሎ ፊቱን ያስተካክላል ወይም ያዞራል።

ጓደኛው እንደ ነጋዴ ሳይሆን እንደ ወንድም መከረው። «ለሠርግ ዙም ግድ ነው። ቀለበቱ ሲጠለቅ ሌንስ ልቀይር ብትል ማን ይጠብቅሃል? ለመንገድ ግን ዙም ያሰንፋል፤ እግርህ ቆሞ ጣትህ ብቻ ይሄዳል። ፊፍቲህን ያዝ።» ቀጥሎ ከመሳቢያው አንዲት ጠፍጣፋ ሌንስ አውጥቶ እጁ ላይ አስቀመጠለት። «ይቺንም ጨምራት። ባትነካት እንኳ አትከብድህም።» 24 ሚሊ ሜትር ናት፤ ውፍረቷ 23 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ክብደቷ 125 ግራም። ተጓዡ እምብዛም ሳያያት የቦርሳው ጎን ኪስ ውስጥ ከተታት።

ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ማለዳ ይነሣል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ የኤሌክትሪክ መስመር አዳማን አልፎ ወደ መተሐራ ሲወርድ መስኮቱ ፊልም ይሆናል፤ የበሰቃ ሐይቅ፣ የፈንታሌ ተራራ፣ ከሐዲዱ ራቅ ብሎ የሚግጥ የግመል መንጋ። ለዚህ ፊፍቲው ተስማሚ ነበር። ነጸብራቁ እንዳያስቸግር ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር አስጠግቶ፣ ዙሪያውን በመዳፉ ጋርዶ፣ ሩቁን ቀረብ እያደረገ አነሣ።

ድሬዳዋም አላሳፈረውም። ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 የድሮው ምድር ባቡር ሲደርስ ነው፤ ከዚራ የሚባለው ሰፈር የተወጠነውም ያኔ ሐዲዱን በዘረጉት ፈረንሳዮች እጅ ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ያለና ሰፊ ነው፣ ግራና ቀኙን ዛፍ ያለብሰዋል። ሰው ከጥላው ሥር ሲቀመጥ ከማዶ ሆኖ አራት አምስት ሜትር ርቆ ማንሣት ይቻላል። በባጃጁ ላይ ጋደም ያለ ሾፌር፣ ቡናዋን እያማሰለች ከጎረቤቷ ጋር የምትጫወት ሴት፣ የዛፉ ጥላ ልብሱ ላይ የተበተነበት ሽማግሌ፤ ሁሉም ልቅም ብለው ወጡ።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ቀፊራ ገበያ ገባ። እዚያም ፊት አላጣም። ቲማቲም ሻጯን አነሣ፣ ቅመም የምትሰፍረውን አነሣ፣ «አቦ እኔን አንሣኝ!» እያለ የተከተለውን ጎረምሳ ሦስት ጊዜ አነሣው። ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ምስሎቹን ሲገለብጥ ግን አንድ ነገር ከነከነው። ፊቶቹ ያምራሉ፤ ዓይኖቹ ጥርት ብለዋል፤ ከኋላቸው ያለው ቀልጦ ቀለም ብቻ ሆኗል። ቀፊራ ግን የለም። የበሩ ቅስት፣ የተደረደረው ጆንያ፣ የሚያልፈው አህያ፣ ሦስት አራት ቋንቋ በአንድ ጊዜ የሚደባለቅበት ግርግር አልገባም። እነዚያን ፊቶች መርካቶ ተነሡ ብሎ የሚምል ሰው ቢመጣ የሚከራከረው አይኖርም።

በማግስቱ በደንገጎ ዳገት፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ወደ ሐረር ወጣ። 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባሱ ሲወጣ ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ መኪና ግርግር ውስጥ ከግድግዳ ጋር የታገለው ያን ዕለት ነው።

ያን ማታ ጁገል ውስጥ ባረፈበት ቤት ወረቀትና እርሳስ አወጣ። ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው፤ ግን ሌንስ ከመግዛቱ በፊት ሠርቶት አያውቅም። የሱ ካሜራ ብርሃን የሚቀበልበት ሴንሰር ወርዱ 22.3፣ ቁመቱ 14.9 ሚሊ ሜትር ነው። ወርዱን ለሌንሱ ቁጥር አካፍሎ በርቀቱ ሲያባዛው፣ በዚያ ርቀት ላይ ምን ያህል ወርድ ያለው ነገር እንደሚገባ ያገኛል። ግድግዳው የፈቀደለት ሁለት ሜትር ነበር። በፊፍቲው ሁለት ሜትር ላይ የሚገባው 89 ሳንቲ ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሻይ ጠረጴዛ ታክላለች። በ24ቷ ደግሞ 1 ሜትር ከ86 በ1 ሜትር ከ24 ይገባል፤ ሰውዬውም መኪናቸውም ደጃፋቸውም ማለት ነው። የቆመን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ካሜራውን አቁሞ ለማንሣት ፊፍቲው ከአራት ሜትር በላይ መራቅ ይፈልጋል፤ 24ቷ ሁለት ሜትር ይበቃታል። ከጁገል መንገዶች በብዙዎቹ አራት ሜትር ወደ ኋላ ማለት የሰው ቤት ውስጥ መግባት ነው።

እዚህ ላይ የፊፍቲን ስም ማደስ ያስፈልጋል። ሌንሱ ጥፋት የለበትም። ታሪኩ ቬትስላር በተባለች የጀርመን ከተማ ይጀምራል። እዚያ በላይትስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ የሲኒማ ፊልም ሁለት ፍሬም አጣምሮ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ ፎቶ የምታነሣ ትንሽ ካሜራ ሠራ፤ ላይካ ተብላ እ.ኤ.አ. በ1925 ላይፕዚግ ትርኢት ላይ ለገበያ ቀረበች። የዚያ ፍሬም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርዝመት 43 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ነው። ሌንሱ ከዚህ ርዝመት ጋር ሲቀራረብ ምስሉ ሰፍቶ አይለጠጥም፣ ጠቦ አይጨመቅም፤ ዓይን የለመደውን ይመስላል። የመጀመሪያዋ ላይካ ሌንስ 50 ስለነበር «ኖርማል» የሚለው ስም እሱ ላይ ቀረ። ከ35 እስከ 50 ያሉት መካከለኛ ሌንሶች እስከ ዛሬ የሚፈለጉትም ለዚህ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ሴንሰሩ እንደ ባርናክ ፍሬም 24 በ36 በሆነ ካሜራ፣ ፉል ፍሬም በሚባለው ላይ ነው። በአገራችን ብዙ ጀማሪ የሚይዛቸው ካሜራዎች ሴንሰራቸው ከዚያ ያነሰ፣ ክሮፕ የሚባሉት ናቸው። በካኖን ክሮፕ ላይ የሌንሱ ቁጥር በ1.6፣ በኒኮን፣ በሶኒና በፉጂ ክሮፕ ላይ በ1.5 ይባዛል። ስለዚህ የተጓዡ ፊፍቲ 80 ሆኖ ነበር የሚያየው። 80 መልካም የፊት ሌንስ ነው፤ ለሙሽራ፣ ለምረቃ፣ ለልደት የሚሆን። «ኖርማል» ተብሎ ሲገዛ ግን ገዢው የሚያገኘው ሌላ ዕቃ ነው፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ ይህን አይነግረውም። ያቺ ከመሳቢያ የወጣች ቀጭን 24 ደግሞ በዚያው ካሜራ ላይ 38 ትሆናለች። ከ35 ከፍ፣ ከ43 ዝቅ ያለች፣ መሐል ላይ የተቀመጠች ናት።

ጠዋት ፊፍቲውን ፈትቶ 24ቷን ገጠመ።

ለውጡ መጀመሪያ የታወቀው በእግሩ ላይ ነው። ትናንት ከሰው ሲሸሽ የዋለ እግር ዛሬ ወደ ሰው መሄድ ነበረበት፤ አንድን ሰው ከነአካባቢው በፍሬሙ ለመሙላት ሁለት ሜትር ውስጥ መግባት ግድ ነው። ሁለት ሜትር ደግሞ ሰላምታ የሚያስፈልግበት ርቀት ነው። ከአምስት ሜትር በዝምታ ማንሣት ይቻላል፤ ከሁለት ሜትር ግን «አሰላሙ አለይኩም» ሳይሉ ካሜራ ማንሣት ነውር ነው። ጁገል ውስጥ ፎቶ የማይፈልጉ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ብዙ ናቸው። እጅ ሲወዛወዝ ወይም ነጠላ ወደ ፊት ሳብ ሲል ተጓዡ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። ከርቀት በሚያነሣ ሌንስ ቢሆን እምቢታው ከመድረሱ በፊት ፎቶው ተነሥቶ ነበር። ይህን ሲያስብ ቀፊራ ላይ ካነሣቸው ፊቶች አንዳንዶቹ ትንሽ አሳፈሩት።

አንድ ሌላ ጥቅም ፈረስ መጋላ ላይ አገኘ። አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን በር፣ ኤፍ 8 ላይ አድርጎ፣ አራት እርምጃ ያህል፣ ማለትም ሦስት ሜትር ርቃ ያለች ድንጋይ ላይ ፎከስ አድርጎ፣ አውቶፎከሱን አጠፋው። በዚህ ሁኔታ 24ቷ ከ1 ሜትር ከ70 ገደማ እስከ 14 ሜትር ያለውን ሁሉ ጥርት አድርጋ ታወጣለች። ፊፍቲው በዚያው ኤፍ 8 እና በዚያው ሦስት ሜትር ጥርት አድርጎ የሚይዘው ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ከ70 ያለውን ብቻ ነው። መንገድ ላይ ነገር ሲፈጠር፣ ልጅ ኳስ ተከትሎ ሲሮጥ፣ ፍየል ከባጃጅ ውስጥ አንገቷን ስታወጣ፣ ካሜራው ፎከስ እስኪፈልግ መጠበቅ የለም። ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። የድሮ የመንገድ ፎቶ አንሺዎች በእጃቸው ፎከስ ያደርጉ የነበረው በዚሁ ዘዴ ነው።

ከፈረስ መጋላ ወጣ ብሎ «የራምቦ ቤት» የሚባለው ባለ እንጨት ፎቅ ሙዚየም አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ነው፤ ግጥሙን ትቶ ቡናና ቆዳ የሚነግድ ሰው ሆኖ። በስሙ በሚጠራው ቤት ውስጥ አልኖረም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ፎቶ ማንሣቱ ግን ጥርጥር የለውም። ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ውስጥ ራሱን በራሱ አንሥቶ ለቤተሰቡ ልኳል። በግንቦት ወር በጻፈው ደብዳቤ ፎቶዎቹ የነጡት ባጠበበት መጥፎ ውሃ የተነሣ መሆኑን ያስረዳል። እውነትም ነጥተዋል፤ ሰውዬው እጁን አጣምሮ በሙዝ ተክል መካከል ቆሞ እንደ ጥላ ይታያል። እዚያች ምስል ውስጥ የሚገርመው ፊቱ የደበዘዘ መሆኑ አይደለም፤ ቦታው መኖሩ ነው። ተክሉ፣ አፈሩ፣ ልቅ የሆነው የጥጥ ልብሱ ባይኖሩ ምስሉ ስለ ሐረር የሚነግረን ነገር ባልነበረ።

ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1891 ማርሴይ ውስጥ ሞተ። ከ41 ዓመት በኋላ በዚያችው ማርሴይ አንድ ወጣት ፈረንሳዊ የመጀመሪያ ላይካውን ገዛ፤ ሄንሪ ካርቲየ ብሬሶን ነው። አብዛኛውን ዕድሜውን የሠራው በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው፤ ለዚህም ነው ፊፍቲን የሚያወድስ ሰው ሁሉ ስሙን የሚጠራው። የሱ 50 ግን በሙሉው ፍሬም ላይ የተገጠመ እውነተኛ 50 ነበር፤ በእኛ ክሮፕ ካሜራ ላይ እሱ ያየውን ማየት የፈለገ ከ30 እስከ 35 ያለ ሌንስ መፈለግ አለበት። ሌሎቹ ደግሞ ሌላ መርጠዋል። የኒው ዮርኩ ጌሪ ዊኖግራንድ በ28 ሕዝብ መሐል ገብቶ ያነሣ ነበር፤ ጆኤል ማየሮዊትዝ 35ን ወደደ፤ ሶል ላይተር በረጃጅም ሌንስ ጭምር ከጃንጥላና ከእርጥብ መስታወት በስተጀርባ ሆኖ አነሣ። ሦስቱም የሠሩት በአንዲት ከተማ ነው። የእኛው ግርማ በርታ ደግሞ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ሊስትሮውንና ሎተሪ አዟሪውን በስልኩ አንሥቶ፣ ከአካባቢያቸው ለይቶ ደማቅ ቀለም ላይ አስቀምጧቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ድጋፍ አሸናፊ ሆኗል። ስልክም ቢሆን ቋሚ ሌንስ ነው፤ ሰውን በቁመቱ ለማንሣት ወደ ሰው የሚያስኬድ።

እኩለ ቀን ላይ አንዲት እናት ቤታቸውን አሳዩት። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ከውጭ ዝም ያለ ነጭ ግድግዳ ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ዓለም ነው። ነደባ የሚባሉት ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚሉ ቀያይ መደቦች፣ ግድግዳውን የሞሉት የስንደዶ ሥራዎች፣ የሸክላና የብረት ሳህኖች፣ ብርሃኑ ግን በበሩ የሚገባው ብቻ። እማማ ከላይኛው መደብ ላይ ተቀምጠው፣ «እንዳይጨልምብህ ጫማህን አውልቀህ ወደዚህ ጠጋ በል» አሉት። ጠጋ አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ፊፍቲው አንድ ሰፌድ ነበር የሚያሳየው። በ24ቷ እሳቸው፣ መደቡ፣ ከራሳቸው በላይ ያለው የስፌት ረድፍና ከበሩ የገባችው የብርሃን ጭረት ተያይዘው ወጡ። ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ አይኤስኦውን (የሴንሰሩን የብርሃን ስሜታዊነት) ከፍ ማድረግ ግድ ሆኖበታል፤ ጥቁሩ ቦታ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላል። እዚህ ላይ 24ቷ ከኤፍ 2.8 በላይ አለመከፈቷ ተሰምቶታል። 23 ወይም 35 ሆኖ ኤፍ 2 ወይም 1.8 የሚከፈት ሌንስ ቢሆን ኖሮ ሥራው በቀለለ። የሚያዋጣው ትንሽ ክብደት ነው ወይስ ሰፊ የብርሃን በር የሚለው ክርክር ለያንዳንዱ ሰው ለየቅል ነው፤ ቤት ውስጥ ብዙ የሚያነሣ ሰው ሰፊውን በር ይምረጥ።

ፊፍቲውም ቀኑ አልቀረበትም። ማታ ከጁገል ግንብ ውጭ ጅብ ወደሚመገብበት ቦታ ሄደ። ጅቦቹ ከጨለማው ውስጥ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ መጋቢው በየስማቸው ይጠራቸዋል፤ ሥጋውን እንጨት ላይ አድርጎ ሲዘረጋ ይወስዳሉ። ብርሃን የሚባለው የባጃጅ መብራት ብቻ ነው። ከካሜራው ጋር የመጣው ዙም 55 ላይ ሲደርስ የሚከፈተው ኤፍ 5.6 ድረስ ነው፤ ፊፍቲው ኤፍ 1.8 ላይ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አራት ሜትር ርቆ መቆሙም እዚህ ችግር አልነበረም፤ ማንም «ቅረብ» ቢለው የሚቀርብ ሰው አልነበረም። የጅቡ ጆሮ፣ የሰውዬው ክንድ፣ ሁለት ዓይን በጨለማ ውስጥ፤ ከጉዞው ሁሉ እጅግ ከሚወዳቸው ምስሎች አንዱ በዚያ ሌንስ የተነሣ ነው።

በመመለሻው ቀን ጠዋት፣ ሚኒባስ ከመሳፈሩ በፊት፣ መኪና ግርግር ተመልሶ ሄደ። አዛውንቱ ቦታቸው ላይ ናቸው። «ዛሬስ ከግድግዳው ጋር ታረቅህ?» ብለው በርጩማ ገፉለት። ተቀመጠ። ሻይ አዘዙለት። ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ አዲስ አበባ ስላለው ልጃቸው፣ ስለ መኪናቸው ዕድሜ አጫወቱት። ካሜራው ጉልበቱ ላይ ነበር። ጨርቁን ወደ መርፌው ሲመልሱ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ፣ አንድ ጊዜ አነሣ። እጃቸው፣ ቀዩ ጢም፣ ጎማው፣ ሰማያዊው ደጃፍ፣ በጠርዙ በኩል የምታልፍ የሴት ድሪያ፣ ሁሉም ገብቷል።

አዲስ አበባ ሲመለስ 24ቷን ለጓደኛው ሰጥቶ የራሱን ፈለገ። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቁት ሁሉ የሚሰጠው መልስ ያልተወሳሰበ ነው። ካሜራህ ክሮፕ ከሆነ ለጉዞና ለመንገድ መጀመሪያ የምትገዛው ፊፍቲን አይደለም፤ ለካኖን 24፣ ለፉጂ 23 ወይም 27፣ ለኒኮን ደግሞ ከ24 እስከ 35 ያለውን ፈልግ። በኒኮን ክሮፕ 35ቱ 52 ስለሚሆን ጠበብ ይላል፤ ከፊፍቲው ግን እጅግ ይሻላል። ፉል ፍሬም ከሆነ 35 ወይም 40። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣት 40 ሚሊ ሜትር 130 ግራም ብቻ ናት፤ ኒኮንም ከ2021 ጀምሮ ለአዲሱ ዜድ ካሜራው 40 አለው። ፊፍቲ ሁለተኛ ሆኖ ይምጣ፤ ለማታ፣ ለፊት፣ ለባቡር መስኮት።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሱቅ ውስጥ አይቸኩል። የስልኩን መብራት ከኋላ በኩል ወደ ሌንሱ እያበራ ከፊት ይመልከት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየ ሻጋታ ነውና ይተወው። ካሜራው ላይ ገጥሞ በቅርቡም በሩቁም ፎከስ ያድርግ፤ ሲንገራገጭ ከሰማ ይመልሰው። የካኖን ፊፍቲ ከሆነ መግጠሚያውን ይይ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ስሪት መግጠሚያው ፕላስቲክ ነው፣ በ2015 የመጣው ግን ብረት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ገንዘብ ሳያወጡ መሞከር ይቻላል። ከካሜራው ጋር የመጣውን ዙም 24 ላይ አድርጋችሁ ቀለበቱን በፕላስተር አስሩትና አንድ ሳምንት ሰፈራችሁን ዙሩበት፤ በሚቀጥለው ሳምንት 35 ላይ፣ ከዚያ 50 ላይ። የትኛው ቁጥር ላይ ሰውን ሰላም እንዳላችሁ፣ የትኛው ላይ እንደሸሻችሁ ፎቶዎቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ሐረር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ መኪና ግርግር ከመድረሳችሁ በፊት ፊፍቲውን ፍቱና ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት።